ጥምር የስኳር ክኒን ሕክምና ምንድን ነው?

ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በአንድ ክኒን ብቻ ስኳሩ አልወርድ ሲል፣ በሌላ መንገድ የሚሠራ ሁለተኛ ክኒን ይታከልለታል፤ ጥምር ሕክምና የሚባለውም ይህ ነው። መድኃኒቶቹ ለየብቻ ይዋጣሉ፤ አንዳንዴም በአንድ ክኒን ተዋሕደው ይዘጋጃሉ።

ሁለተኛው ክኒን ሲታዘዝለት «አለቀልኝ» ብሎ የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው። ድንጋጤው ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሕመሙ ከመነሻውም አንድ መንስኤ ብቻ የለውም። ሰውነት የደም ስኳርን ለሚያወርደው ሆርሞን፣ ለኢንሱሊን፣ በደንብ አይታዘዝም፣ ጉበት ከሚያስፈልገው በላይ ስኳር ወደ ደም ይለቃል፣ ቆሽትም ኢንሱሊን የማመንጨት አቅሙ ከዓመት ወደ ዓመት እየደከመ ይሄዳል። ሜትፎርሚን የተባለው ክኒን በዋናነት ጉበት ስኳር መልቀቁን ይገታል፤ ግሊቤንክላሚድ የተባለው ደግሞ ቆሽትን ቀስቅሶ ኢንሱሊን ያስለቅቃል። ሜትፎርሚኑን ብቻ በቀን ከ2000 ሚሊግራም በላይ እያሳደጉ መሄድ ብዙም ጥቅም ስለማይጨምርና ሆድን ስለሚያውክ፣ ሌላውን መንስኤ በሌላ መድኃኒት መያዝ ይሻላል። ልብ ወይም ኩላሊት ለታመመበት ሰው ሐኪሙ ስኳርን በሽንት የሚያስወጣ፣ እንደ ዳፓግሊፍሎዚን ያለ ክኒን ሊመርጥ ይችላል።

በእኛ አካባቢ አጥብቄ ማሳሰብ የምፈልገው ጾምን ነው። በደሴም በኮምቦልቻም በአንድ ግቢ አንዱ ጎረቤት ረመዳንን፣ ሌላው ሁዳዴን ይጾማል። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው፤ ግሊቤንክላሚድ ግን ምግብ ቢኖርም ባይኖርም ቆሽትን መቀስቀሱን አይተውም፤ በተለይ በአረጋውያንና ኩላሊታቸው በደከመ ሰዎች ላይ ለረጅም ሰዓት ይቆያል። አሥር ሰዓት ግድም ጾመኛው ስኳሩ ወርዶበት ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይዘባረቃል፤ ቤተሰቡም የኮምቦልቻ ሙቀት መስሎት ጥላ ሥር ያስተኛዋል። በመለኪያው ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከታየ፣ መለኪያ ባይኖርም ምልክቱ ካለ፣ ጾሙ እዚያው ተፈትቶ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላም እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡ ወደ ሕክምና መሮጥ ነው።

ስለዚህ ግሊቤንክላሚድ የሚወስድ ሰው ጾሙ ከመግባቱ ከአንድ ወር ተኩል በፊት የሚውጣቸውን ክኒኖች ሁሉ ይዞ ሐኪሙ ዘንድ ይቅረብ። ሐኪሙ መጾም ይችል እንደሆነ ይነግረዋል፤ የሚችል ከሆነም ከንጋት በፊት በሱሁር የሚዋጠውን መጠን ይቀንስለታል፣ ዋናውን ወደ ማፍጠሪያው ያዛውርለታል፣ ወይም መድኃኒቱን በሌላ ይለውጥለታል።