«መፈረም ማመን ነው» እና ሌሎች የትራፊክ ክስ ወሬዎች

ቀላል የትራፊክ ክስ ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ተከፍሎበት የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ከባድ የሚያደርገው ከጥፋቱ በኋላ የምናደርገው ነገር ነው። ትራፊክ ሲያስቆመን እንደነግጣለን። ያኔ ትዝ የሚለን ከጓደኛ የሰማነው ወሬ ነው፤ ወሬው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ነው። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ ስለዚህ ዝርዝሩን በምትነዱበት ቦታ አጣሩ። ከታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ጥፋት ከሌለብኝ እዚያው ማስረዳት አለብኝ»

መንገድ ዳር ችሎት የለም። ፖሊሱ ወረቀቱን መጻፍ ከጀመረ ክርክር ሐሳቡን አያስቀይረውም። የምትናገሩት ግን ይመዘገባል። አንዳንድ ቦታ ደረቱ ላይ ባለ ካሜራ ይቀረጻል። «በስንት እየነዳህ እንደነበር ታውቃለህ?» ሲባል «ትንሽ ፈጥኜ ነበር፣ ቸኩዬ ነው» ብሎ መመለስ ይቅርታ መጠየቅ ይመስላል። ችሎት ላይ ሲነበብ ግን ጥፋትን ማመን ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ።

ጥግ ይዛችሁ አቁሙ። እጃችሁ መሪው ላይ ይታይ። ስትጠየቁ መንጃ ፈቃድና የመኪናውን ሰነድ ስጡ፤ ስማችሁንና አድራሻችሁን በትክክል ተናገሩ። ከዚያ በላይ ላለው ጥያቄ «ይቅርታ፣ ስለ ጉዳዩ አሁን መናገር አልፈልግም» ማለት በብዙ አገር መብት ነው። በትሕትና ከተባለ ማንንም አያስቀይምም። የትንፋሽ ምርመራ ግን ሌላ ነው። እምቢ ማለት በብዙ ቦታ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ለሻይ ብሎ ገንዘብ ማቀበልን በጭራሽ አትሞክሩት፤ የገንዘብ ቅጣቱን ወደ ጉቦ ወንጀል ይቀይረዋል።

«መብቴን ካልነገረኝ ክሱ ይወድቃል»

ይህ ከፊልም የመጣ እምነት ነው። «ዝም የማለት መብት አለህ» የሚለው የፖሊስ ማስጠንቀቂያ የታወቀው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1966 ሚራንዳ በተባለው ጉዳይ ላይ በሰጠው ውሳኔ ነው። ውሳኔው የሚመለከተው ተይዞ የሚመረመርን ሰው ነው። ያው ፍርድ ቤት በ1984 ሌላ ጉዳይ ቀረበለት። አንድ ሹፌር መንገድ ዳር ቆሞ ሳለ ሁለት ቢራ መጠጣቱንና ማሪዋና ማጨሱን ለፖሊሱ ተናግሮ ነበር። መብቱን ማንም አልነገረውም። ፍርድ ቤቱ ለአጭር ጊዜ የቆመ ሹፌር እንደ ተያዘ አይቆጠርም አለ፤ የተናገረውም በማስረጃነት ተያዘ። በአሜሪካም ቢሆን እንግዲህ ወሬው አይሠራም።

«መፈረም ማመን ነው»

በአብዛኛው ፊርማችሁ የሚለው «ወረቀቱ ደርሶኛል፣ በቀጠሮው እቀርባለሁ» ነው። አንዳንድ ቦታ አልፈርምም ያለ ሰው ሊታሰር ይችላል። ሆኖም ሳታነቡ አትፈርሙ። «ጥፋቴን አምኛለሁ» የሚል ቦታ ለብቻው ካለ እሱን እለፉት።

ሰው ልብ የማይለው መክፈሉን ነው። ልገላገል ብሎ ቅጣቱን በነጋታው ይከፍላል። በብዙ ቦታ መክፈል ራሱ ማመን ነው፤ ከከፈሉ በኋላ መከራከር አስቸጋሪ ነው። በመንጃ ፈቃዳችሁ ላይ የጥፋት ነጥብ ይመዘገባል፣ ኢንሹራንስ ሊጨምር ይችላል። ነድቶ ለሚያድር ሰው ዋናው ጉዳት ይኸኛው ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ስንት ነጥብ እንደሚያዝባችሁና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ጠይቁ።

«ስሜ ተሳስቶ ተጽፏል» ወይም «ፖሊሱ ካልቀረበ ነፃ ነኝ»

የፊደል ስህተት ብዙ ጊዜ ይታረማል፣ ክሱም ይቀጥላል። ፖሊሱ ሲቀር ክሱ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ ዳኛው ሌላ ቀጠሮ የሚሰጥበትም አለ። በዚህ ተስፋ ብቻ ችሎት አትግቡ። ይልቅ በዚያው ቀን የቦታውን ፎቶ አንሱ፣ ምልክቱ በቅጠል ተሸፍኖ ከነበረም አሳዩ፣ አብሯችሁ የነበረውን ሰው ምስክርነት ጠይቁ።

«ዝም ካልኩት ይረሳል»

አይረሳም። ቅጣቱ ይጨምራል፣ መንጃ ፈቃድ ሊታገድ ይችላል፣ በሌላችሁበት ይፈረዳል። አንዳንድ ቦታ የመያዣ ትዕዛዝ ይወጣል። ቀጠሮው ካልተመቻችሁ ቀኑ ከመድረሱ በፊት እንዲለወጥ ጠይቁ። አድራሻ ከቀየራችሁም አስመዝግቡ። መጥሪያው አሮጌው ቤት ሄዶ መቅረቱ ሁልጊዜ ሰበብ አይሆንም።

«ሌላ ሰው ነው የነዳው ብል ማን ያውቃል?»

እባካችሁ ይህን አታድርጉት። በአውስትራሊያ የፌደራል ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ማርከስ አይንፌልድ በ2006 ዓ.ም. 50 በሚፈቀድበት መንገድ በ60 ሲነዱ ካሜራ ያዛቸው። ቅጣቱ 77 የአውስትራሊያ ዶላር ነበር። ሲነዱ የነበሩት ወዳጃቸው እንደሆኑ በመሐላ ተናገሩ። ወዳጃቸው ግን በ2003 ዓ.ም. ሞተው ነበር። ዳኛው በ2009 ዓ.ም. በሐሰት ምስክርነትና ፍትሕን በማዛባት ሦስት ዓመት ተፈረደባቸው። በእንግሊዝም በኋላ ሚኒስትር የሆኑት ክሪስ ሂዩን በ2003 ዓ.ም. የፍጥነት ጥፋት ነጥባቸውን ባለቤታቸው «እኔ ነኝ የነዳሁት» ብለው ወስደውላቸው ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ሁለቱም ስምንት ስምንት ወር ተፈረደባቸው። ሕግ የሚያውቁት እንዲህ ከሆኑ፣ እኛ ለወንድማችን ብለን «እኔ ነኝ የነዳሁት» ስንል ምን እንደምንፈርም እናስብ።

«ለትንሽ ክስ ጠበቃ ምን ያደርጋል?»

ብዙ ጊዜ አያስፈልግ ይሆናል። ሰው ከተጎዳ፣ መጠጥ ካለበት፣ እስር ሊያስከትል ከቻለ፣ ወይም እንጀራችሁ መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ ከሆነ ግን አማክሩ። በሰው አገር የምትኖሩ ከሆነም ጥፋተኝነቱ የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ይነካ እንደሆነ ጠይቁ። መንግሥት ጠበቃ ያቆምልኛል ብላችሁ አትዘናጉ፤ እስር በማያስከትል ክስ ብዙ ጊዜ አያቆምም። ክፍያውን በጽሑፍ ተስማሙ። «ዳኛውን አውቀዋለሁ፣ ነፃ አወጣሃለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ።

«ቋንቋውን እንደ ምንም እችላለሁ፣ ይበቃኛል»

ገበያ የሚያደርስ ቋንቋ ችሎት ላይ አይበቃም። የእምነት ክህደት ቃል ስትጠየቁ አንዲት ቃል ብትስቱ ያላመናችሁትን ታምናላችሁ። ጀርመን ይኖር የነበረ ኦዝቱርክ የሚባል ቱርካዊ የቆመ መኪና ገጭቶ 60 ማርክ ተቀጣ። ቅጣቱን ተቃውሞ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ኋላ ተቃውሞውን ቢተወውም የአስተርጓሚውን 63.90 ማርክ ክፈል ተባለ። ከቅጣቱ ይበልጣል። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ እንደሚባለው፣ ነገሩን እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት አደረሰው። በ1984 ተፈረደለት። ጥፋቱ ቀላል ቢሆንም የአስተርጓሚ ወጪ ሊጠየቅ አይገባም ነበር ተባለ። ስለዚህ መጥሪያው እንደደረሳችሁ ፍርድ ቤቱ ጋ ደውሉና አስተርጓሚ እንደምትፈልጉ አስመዝግቡ። ልጃችሁን ወይም ጓደኛችሁን እንዲያስተረጉም ይዛችሁ አትሂዱ።