ስኬልና ቅኝት በቤዝ ጊታር

ቤዝ ጊታር ስኬል፣ ማለትም በቅደም ተከተል የተደረደሩ ድምፆችን፣ ለሚማር ሰው ደግ መሣሪያ ነው። ምክንያቱ የክሮቹ አቃኛኘት ነው። አራቱ ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ተብለው ይቃኛሉ። ከአንዱ ክር ወደ ቀጣዩ ያለው ርቀት ሁሌም አምስት ፍሬት (አንገቱ ላይ በቀጫጭን ብረቶች የተከፈለ ቦታ) ነው። ባለ ስድስት ክር ጊታር ላይ ይህ ርቀት አንድ ቦታ ላይ ይዛባል፤ ቤዝ ላይ ግን አይዛባም። ስለዚህ እጅ አንዴ የለመደውን ቅርፅ የትም ቢወስዱት ይሠራል። ዘፋኙ ቶኑ ከፍ ይበልልኝ ካለ፣ ያንኑ ቅርፅ ሁለት ፍሬት ገፋ ማድረግ ነው።

ጀማሪ ብዙውን ጊዜ በዶ ሜጀር፣ ማለትም በተለመደው ዶ፣ ሬ፣ ሚ ስኬል ይጀምራል። መነሻው የላ ክር ሦስተኛ ፍሬት ነው። በላ ክር 3 እና 5፣ በሬ ክር 2፣ 3 እና 5፣ በሶል ክር 2፣ 4 እና 5። አለቀ። ከዶ እስከ ላይኛው ዶ ስምንቱም ድምፆች እጅ ከቦታው ሳይነቃነቅ ይወጣሉ፤ አራት ጣት ለአራት ፍሬት።

ይህ አያያዝ ወደ አንገቱ ጫፍ ሲጠጉ ያስቸግራል። ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ካሊፎርኒያ ውስጥ ያወጣው ፕሪሲዥን ቤዝ የክሩ ርዝመት 34 ኢንች፣ ማለትም 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ዛሬም አብዛኛው ቤዝ በዚሁ ልክ ይሠራል። በዚህ ልክ የመጀመሪያው ፍሬት ስፋት 5 ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፤ አሥራ ሦስተኛው ግን የዚያ ግማሽ ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙዎች ከአምስተኛው ፍሬት በታች ሲጫወቱ እንደ ኮንትራባስ (ቆሞ የሚጫወቱት ትልቅ ቤዝ) ተጫዋቾች አመልካች፣ መሀልና ትንሿን ጣት ብቻ ይጠቀማሉ። የቀለበት ጣት ትንሿን ታግዛለች። የእጅ አንጓ ሲያም ደግሞ ማረፍ ነው እንጂ እየታመሙ መቀጠል አያስፈልግም።

ለእኛ ሙዚቃ ግን ዶ ሜጀር ብቻውን አይበቃም። ዘፈናችን በአብዛኛው በአምስት ድምፅ ይሄዳል፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ። አይቤክስና ሮሃ ባንድ ውስጥ ቤዝ የተጫወተው ጆቫኒ ሪኮ እነዚህን ቅኝቶች በኤሌክትሪክ ቤዝ ለትውልድ ካሰሙት አንዱ ነው። እኔ እንደማምነው ጀማሪው ቅኝቶቹን ከሜጀርና ከማይነር እኩል፣ ከመጀመሪያው ሳምንት መያዝ አለበት። በኋላ እንደ ተጨማሪ ሲመጡ እጅ ባዕድ ያደርጋቸዋል።

ትዝታ ሜጀር ለእጅ በጣም ይመቻል። ከዶ ሲነሣ በላ ክር 3 እና 5፣ በሬ ክር 2 እና 5፣ በሶል ክር ደግሞ እንደገና 2 እና 5። በየክሩ ሁለት ሁለት ድምፅ። አምባሰል ሲሆን መጀመሪያ ላይ ጠበብ ይላል፤ በላ ክር 3 እና 4፣ በሬ ክር 3፣ 5 እና 6፣ በሶል ክር 5። አንቺሆዬ ከሁሉም ይከብዳል። በላ ክር 3 እና 4፣ በሬ ክርም 3 እና 4፣ ከዚያ በሶል ክር ወደ 2 ተመልሶ ወደ 5 ይዘላል። መሀል ላይ ያለው ድምፅ፣ ሶል ፍላት (በአንድ ፍሬት ዝቅ ያለ ሶል)፣ መጀመሪያ የተሳሳተ ይመስላል። ደጋግመው ሲሰሙት ግን ቅኝቱን ቅኝት የሚያደርገው እሱ መሆኑ ይገባል።

ቤዝ ተጫዋች እዚህ ላይ ከማንም የበለጠ ኃላፊነት አለበት። የአምባሰልን ድምፆች እንውሰድ፤ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ጓደኛ ኪቦርድ ላይ እነዚህኑ ይጫወት። ቤዙ ዶን ትቶ ፋ ላይ ቢያርፍ፣ ሌላው ሰው አንድም ድምፅ ሳይቀይር ሙዚቃው ትዝታ ማይነር ይሆናል። በትዝታ ሜጀርም እንዲሁ ነው። ከዶ የተነሣውን ትዝታ ቤዙ ላ ላይ ቢቆምበት ባቲ ማይነር ይወጣል። ስለዚህ ስኬሉን ወደ ላይና ወደ ታች መሮጥ ግማሽ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ በየትኛው ድምፅ ላይ ቤት መሥራት እንዳለበት ማወቅ ነው።

ፍሬት የድምፁን ቦታ ይቆልፋል። ማሲንቆ ግን ፍሬት የለውም፤ ዘፋኝም ድምፁን እንደ ስሜቱ ያነሣል፣ ያወርዳል። ጥሩ ቤዚስት በጣቱ ሸርተት ወይም ክሩን ጎተት እያደረገ ሊጠጋቸው ይሞክራል።

ልምምዱ ራሱ ቀላል ነው። ሜትሮኖሙን (ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ) በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጎ በአንድ ምት አንድ ድምፅ። ሁለቱም እጆች ሲስማሙ በአንድ ምት ሁለት። ከዚያ ችክችካ ይግባ፤ ስኬሉ በስድስት ስምንተኛ ሲመታ ወዲያው ዘፈን መምሰል ይጀምራል። ሁልጊዜ ከታች ብቻ የሚጀምር ሰው ዘፈን ከመሀል ሲነሣ ይጠፋበታል። እኔ ይህ ለወራት አስቸግሮኛል። መፍትሔ የሆነኝ ከአራተኛው ወይም ከአምስተኛው ድምፅ ተነሥቶ ወደ ታች መውረድ ነው። በየቀኑ ሃያ ደቂቃ፣ አንድ ቅኝት ለአንድ ሳምንት፣ የሚመታውን ድምፅ ስሙን እየጠሩ፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ።