ከፍትፍቱ ፊቱ፤ የማን ፊት?

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ነበርኩ። የእህቴ ልጅ ከጓደኞቿ ጋር እንግሊዝኛ ትለማመዳለች። በየሳምንቱ አንድ የኑሮ ጉዳይ መርጠው በጨዋታ መልክ ይነጋገሩበታል። የዚያን ቀኑ «የት እንብላ?» ነበር።

ሁለቱ ባልና ሚስት ሆኑ። ባል «ዌር ሹድ ዊ ኢት?» ይላል። ሚስት «ኤኒዌር» ትላለች። ሽሮ ቤት? ትናንት በላን። ጥብስ? ውድ ነው። ፓስታ? አያጠግብም። «ሶ ዌር?» ሲላት «ኢትስ አፕ ቱ ዩ!» ብላ መልሳ እሱ ላይ ትጥለዋለች። ተከራክረው ተከራክረው ክትፎ ላይ ሲስማሙ «ቱዴይ ኢዝ ዌንስዴይ» ብላ ሁሉን ነገር አፈረሰችው። ረቡዕ ነዋ፣ ጾም! ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

እንዲህ ሲማሩት ቃል ልብ ውስጥ ይቀራል። ሐሳብ ማቅረብ ሲፈልጉ «ሀው አባውት» ማለትን ያዙ። «አይ ዶንት ማይንድ» እና «አይ ዶንት ኬር» አንድ እንዳልሆኑም አወቁ። የመጀመሪያው እንደኛ «ግድ የለም» ነው፣ ሁለተኛው «ግድ የለኝም»። በአማርኛ የሚለያያቸው «ኝ» ብቻ ናት፤ የምታስቀይመው ግን ብዙ ነው።

ታዲያ በመሀል አንዱ ልጅ «ከፍትፍቱ ፊቱ ይባል የለ? ፊቱ ያማረውን ሆቴል እንምረጥ» አለ። መስታወቱን፣ መብራቱን፣ በሩ ላይ ያለውን አበባ ማለቱ ነው። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ያረመው አልነበረም። እኔን ግን ከነከነኝ።

ልጅ ሆኜ ክረምቱን የማሳልፈው መንዝ፣ አያቴ ቤት ነበር። ሲመሽ ውሻው ይጮሃል። ከውጭ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ይሰማል። «ማነው?» «የመሸብኝ መንገደኛ ነኝ፣ አሳድሩኝ።» አያቴ ከየት መጣህ፣ የማን ልጅ ነህ አይሉም። ያ በኋላ ይደርሳል። ውሻውን ይይዙና «ግባ፣ ቤት የእግዚአብሔር ነው» ይሉታል።

ከዚያ ውኃ ይሞቃል። የእንግዳውን እግር ማጠብ የእኔ ሥራ ነበር። የመንዝ ብርድ የገባበት እግር ለብ ያለ ውኃ ሲነካው ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ የሚያወጣት ትንፋሽ አሁንም ትሰማኛለች። እማማ የገብስ እንጀራዋን አውጥታ ሽሮውን ታፈስበትና እዚያው ፊቱ ትፈተፍተዋለች። ፍስክ ከሆነና ካለ ቅቤ ጠብ ታደርግበታለች። ኩራዟ ደካማ ነች። ፊቷን የሚያሳየው የምድጃው እሳት ነው። እንግዳው «በቃኝ» ሲል «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ትላለች፤ ስትለው ደግሞ ፊቷ ሁሉ ይለምናል።

አንድ ጊዜ ነሐሴ ላይ ጎተራው ተሟጦ ነበር። እንጀራም አልነበረም። ለመጣው መንገደኛ የቀረበለት ቆሎ ነው። እማማ ግን ያንኑ ፊቷን አልለወጠችም። ሰውየው በማለዳ ሲነሣ «እኔስ የጠገብኩት ገና ከበር ነው» ብሎ መርቋት ሄደ።

አባባሉ የተወለደው እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። እንዲያውም የእኛው የሰሜን ሸዋ ደጋ ነው የወለደው እላለሁ። ምክንያቴን ልንገራችሁ። ውርጭ በሚመታው ደጋ ጤፍ አይሆንም። ያለው ገብስ ነው፣ ባቄላ ነው። አሥር ቤት ብትገቡ አሥሩም ጋ የሚቀርበው ፍትፍት አንድ ነው። ከአልዩ አምባ ገበያ ተነሥቶ ያን አቀበት ሲወጣ አንኮበር አካባቢ የመሸበት ነጋዴ በምግብ ሊያማርጥ አይችልም። የሚለያየው የባለቤቱ ፊት ብቻ ነው። «የት እንብላ?» የሚለው ጥያቄ ለእሱ «የማን ፊት ይፈታልኛል?» ማለት ነበር።

የቃሉ ድምፅም ይህን የሚደግፍ ይመስለኛል። ፍት፣ ፍት፣ ፊት። የእጅ ሥራ ነው የሚሰማው። ሴትዮዋ ስትፈተፍት እንግዳው ምግቡ ላይ አያፈጥም፣ ነውር ነው። ዓይኑን ቀና ሲያደርግ የሚያገኘው ፊቷን ነው። እጅና ፊት በአንድ ዕይታ ውስጥ አሉ። አባባሉም ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጣቸው።

ስሕተቱ የሚመጣው «ፊቱ» ከምትለው ቃል ነው። «ቱ» የማን ናት? ልጁ የሆቴሉ አደረጋት። ሌሎች የሳህኑ ያደርጓታል፤ ያሸበረቀ ምግብ ፎቶ አንሥተው ሥሩ «ከፍትፍቱ ፊቱ» ብለው ይጽፋሉ። እባካችሁ፣ ይሄ አባባሉን ገልብጦ መስቀል ነው። «ፊቱ» የሰው ፊት ነው፣ የተቀባዩ። ያማረ ቤት ገብታችሁ አስተናጋጁ ተኮሳትሮ ሜኑውን ወርወር ካደረገላችሁ መስታወቱ ምን ያደርግላችኋል? ያን ጊዜ ነው ተረቱን መጥቀስ።

ይህንኑ ስነግረው ልጁ አልተቀየመም። «በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል ታዲያ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቃል በቃል ብትወስዱት ይሞታል አልኩት። እነሱ እንግዳ ሲቀበሉ «ሜክ ዩርሰልፍ አት ሆም» ይላሉ፤ ከእሱ ጀምሩ። እሱም ቢሆን ከፊት ጋር ነው። «አይ ዶንት ማይንድ» ራሷ በተኮሳተረ ፊት ከተባለች «አይ ዶንት ኬር» ሆና ነው የምትሰማው።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ልምምዱን እንዲቀይሩ ነግሬያቸዋለሁ። ባልና ሚስቱ ቤታቸው ይቀመጡ። አንዱ ውጭ ይቁምና «ቤቶች!» ይበል።