መቅደላ መድኃኔ ዓለም፦ ከጎንደር የመጣው ሀብት

መቅደላ መድኃኔ ዓለም በደቡብ ወሎ፣ በዛሬው ተንታ ወረዳ፣ በመቅደላ አምባ ላይ የነበረ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስሙ ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስበው የእንግሊዝ ጦር የፈጸመውን ዘረፋ ነው። ከዚያ በፊት ግን የእኛው የእርስ በርስ ጦርነት በደብሩ ላይ ጠባሳውን ጥሎ ነበር፤ ይህም ሳይሸፋፈን ሊነገር ይገባዋል።

አፄ ቴዎድሮስ አምባውን ከወሎ ባላባቶች የያዙት በ1848 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዙሪያው ገደል በመሆኑ ምሽግም እስር ቤትም አደረጉት። የወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት ልጅ እዚያ ታስሮ ነበር። በ1857 ዓ.ም. የሸዋው ምኒልክ ከአምባው አምልጠው ወርቂት ዘንድ ሲደርሱ፣ ወይዘሮዋ ልጃቸው በንጉሡ እጅ እያለ ወደ ሸዋ ሸኟቸው። ቴዎድሮስም በቁጣ ልጁን ከሌሎች የወሎ እስረኞች ጋር አስገደሉ። በቤተ ክርስቲያን መሬት ጉዳይ ከንጉሡ የተጣሉት አቡነ ሰላማም በግዞት ሳሉ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ መቅደላ ላይ ዐረፉ፤ የተቀበሩትም በዚሁ ደብር ነው።

ንጉሡ ለመድኃኔ ዓለም ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ሊያንጹ አስበው ነበር። ለዚህም ሲሉ የጎንደርን አድባራት መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ወደ አምባው አስጋዙ፤ ከተማዋንም በ1859 ዓ.ም. አቃጠሉ። ዛሬ በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሚታየው የወርቅ አክሊል ሐዋርያትና ወንጌላውያን ተቀርጸውበታል። እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ለጎንደር ቁስቋም ማርያም የሰጡት እንደሆነ ይታመናል። ይህ አክሊል ሁለት ጊዜ ተነጥቋል፤ መጀመሪያ የነጠቀው የገዛ አገሩ ሰው ነው።

ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ሽጉጣቸውን ጠጥተው በመድኃኔ ዓለም ተቀበሩ። የእንግሊዝ ወታደሮች የአቡነ ሰላማን መቃብር ሳይቀር ከፍተው ዘረፉ። ምርኮው ደላንታ ሜዳ ላይ ለጨረታ ወጣ፤ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ሲሄዱ፣ ሌሎቹ በመንገድ ትግራይ ላይ ለጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ተተዉ። ደብሩም ከአምባው ጋር ተቃጠለ።

ቅርሶቹ ይመለሱ ሲባል የጎንደር አድባራት ስም አብሮ መነሣት አለበት ብዬ አምናለሁ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ጽፈው አንድ ክብረ ነገሥት አስመልሰዋል። በኤድንብራ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘ ታቦትም በ1994 ዓ.ም. ተመልሷል። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ያሉት 11 ታቦታት ግን፣ አብዛኞቹ ከመቅደላ የሄዱ ሲሆኑ፣ ገና አልተመለሱም።