«ዋና የምትሆነው መቼ ነው?» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

በአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ረዳት አሰልጣኝ ነኝ። የማወራው በእጅ ስለሚያዘው ሞላላ ኳስ ነው። ሠርግ ላይም ይሁን ለቅሶ ቤት፣ ሀበሻ ሰብሰብ ባለበት ሁሉ ስለ ሥራዬ ያው የተለመደውን ነገር እሰማለሁ። አብዛኛው ስህተት ነው። በጨዋነት እያለፍኩ ቆይቻለሁ። አሁን ግን እዚህ አገር የተወለዱ ልጆቻቸው ይህን ሙያ የተመኙባቸው ወላጆች እየጠየቁኝ ነው። እነሱ የተሳሳተ ነገር ይዘው እንዲሄዱ አልፈልግም።

«ረዳት ማለት ከዋናው አሰልጣኝ ጎን የሚቆም አንድ ሰው ነው።»

አይደለም። እስከ 2024 ድረስ በትልቁ የኮሌጅ ዲቪዚዮን አንድ ቡድን ዋናውን ሳይጨምር 10 ረዳቶች ሜዳ ላይ እንዲያሰለጥኑ ይፈቀድለት ነበር። በዚያ ዓመት የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ገደቡን አነሳ። ከረዳቶቹ አንዱ ማጥቃቱን በሙሉ ይመራል፣ ሌላው መከላከሉን። ኮኦርዲኔተር የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የቀረነው አንድ አንድ የተጫዋች ቦታ እንይዛለን፤ አንዱ ኳርተርባኮችን (ማጥቃቱን ሜዳ ላይ የሚመሩትን ኳስ ወርዋሪዎች)፣ አንዱ ኳስ ተቀባዮችን፣ አንዱ የኋላ ተከላካዮችን። እኔ የማጥቃቱን መስመር ይዣለሁ። ኳርተርባኩን የሚከልሉት፣ በቴሌቪዥን ስማቸው የሚጠራው ሲያጠፉ ብቻ የሆነው አምስቱ ግዙፍ ልጆች የእኔ ናቸው።

«ራሱ ትልቅ ተጫዋች ያልነበረ ምን ያሰለጥናል?»

ታዋቂው ዋና አሰልጣኝ ማይክ ሊች ኮሌጅ እያለ ፉትቦል አልተጫወተም። የተመረቀው በሕግ ነው። ከአሰልጣኝ ሃል መሚ ጋር ያዳበሩት፣ ኳስ መወርወር ላይ ያተኮረው ኤር ሬድ የሚባለው ስልት ዛሬ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ድረስ ወርዷል። በዚህ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም።

«ሥራችሁ የጥቂት ወር ነው፤ ከዚያ ትተኛላችሁ።»

ጨዋታው ነው የጥቂት ወር። ዲሴምበር ሲገባ ምልመላ አለ፣ ጃንዋሪ ላይ ከሌላ ኮሌጅ መዛወር የሚፈልጉ ተጫዋቾች ይጎርፋሉ፣ ከዚያ የፀደይ ልምምድ፣ በክረምቱ የታዳጊዎች ካምፕ። በውድድር ወቅት ተማሪዎቹን በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ ማሠራት አይፈቀድም። ለአሰልጣኙ እንዲህ ያለ ገደብ የለውም። ቅዳሜ ማታ ተጫውተን እሑድ ጠዋት ቪዲዮ ፊት ተደርድረናል። ለእያንዳንዱ ልጅ፣ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ፣ ማርክ ይሰጣል።

«ሚሊየነሮች ናችሁ።»

ጫፍ ላይ ያሉት አዎ። ዴቭ አራንዳ በ2018 መጀመሪያ ላይ በሉዊዚያና ስቴት የመከላከል ኮኦርዲኔተርነቱን ሲያድስ በዓመት 2.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር የተፈራረመው። ሰው ይህን ይሰማና ሁላችንንም እዚያው ይመድበናል። ጀማሪው ግራጅዌት አሲስታንት፣ ማለትም ማስተርሱን እየተማረ በረዳትነት የሚሠራው፣ የሚያገኘው የማስተርስ ትምህርቱ ክፍያና የኪስ ገንዘብ የሚያህል ነገር ነው። በትናንሽ ኮሌጆች ረዳቱ ክፍል ገብቶ ያስተምራል፣ የሜዳውን መስመር ይቀባል፣ ማሊያ ያጥባል፣ ቫን ይነዳል። እኔም ማሊያ አጥቤያለሁ። ነውር የለውም፤ ግን ሚሊየነር አትበሉኝ።

ከደመወዙ ይልቅ ስለ ውሉ ብትጠይቁ ይሻል ነበር። በ2023 ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዋና አሰልጣኙን ጂምቦ ፊሸርን ሲያሰናብት ለቀሪው ውሉ ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ገባ። ይህ የዋናው ውል ነው። የረዳት ውል ብዙውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው፤ ጭራሽ ውል የሌለበት ኮሌጅም ሞልቷል። ዋናው ሲባረር የሚመጣው አዲስ ሰው የራሱን ረዳቶች ይዞ ይመጣል። እኔ በሠራሁበት አንድ ኮሌጅ ዋናው እሑድ ጠዋት ተሰናበተ። ከሰዓት በኋላ እኛን ስብሰባ ጠሩንና የጤና ኢንሹራንሳችሁ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው አሉን። ባለቤቴ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ቡድኑን ለሽንፈት የዳረጉት የእኔ ተጫዋቾች ነበሩ ወይስ አልነበሩም ብሎ የጠየቀ የለም።

ተባረረ ማለት ግን አለቀለት ማለት አይደለም። ዳቦ ስዊኒ በ2000 መጨረሻ ከአላባማ ከሌሎቹ ረዳቶች ጋር ተባሮ፣ በርሚንግሃም ውስጥ በንግድ ቦታዎች ኪራይና ሽያጭ ሥራ ቆየ። በ2003 ክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ የኳስ ተቀባዮች አሰልጣኝ አድርጎ ወሰደው። ኮኦርዲኔተር ሳይሆን በ2008 ወቅቱ መሀል ላይ ቡድኑን ተረከበ። በ2016 እና በ2018 ውድድሮች የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ።

«ዋና እስክትሆን ነው አይደል?»

ትዕግስቴ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። አክስቴ ከአዲስ አበባ በደወለች ቁጥር «የኔ ልጅ፣ ዋና የሚያደርጉህ መቼ ነው?» ትለኛለች። በእሷ አልፈርድም፤ ለእኔ ከማሰብ ነው። የማዝነው እዚሁ አሜሪካ ሃያ ዓመት ጨዋታ ያየ ሰው፣ ያውም አንዳንዴ የሙያ ባልደረባዬ፣ ረዳትነትን ወረፋ አድርጎ ሲያየው ነው። በእነሱ ሒሳብ ወረፋው ካልደረሰህ ወድቀሃል ማለት ነው።

የዋናው ሥራ ሌላ ሥራ ነው። ቀኑን የሚያሳልፈው ከለጋሾች፣ ከጋዜጠኞችና ከተጫዋች ወኪሎች ጋር ነው። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ለአትሌቶቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ስለተፈቀደ፣ ለየትኛው ልጅ ስንት ይከፈል የሚለውም ጣጣ ተጨምሮበታል። ልጁ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ የሚያስተምረው የቦታው አሰልጣኝ ነው።

አንድ ልጅ ነበረኝ። ጉልበት አለው፣ ይሰማል፣ ግን በየጨዋታው ይበለጣል። ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት። የእኔ ልጆች ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ጎንበስ ብለው አንድ እጃቸውን መሬት ያስነካሉ። ይሄ ልጅ ኳሱ ተይዞ የሚሮጥበት ከሆነ ክብደቱን ሁሉ ወደ ፊት ይጥላል፤ ጣቶቹ ሣሩ ውስጥ ይቀበራሉ፣ ጥፍሮቹ ይነጣሉ። ኳሱ የሚወረወር ከሆነ ደግሞ ወደ ተረከዙ ይቀመጣል፣ ጣቱ ሣሩን ነካ ብቻ ያደርጋል። ፊት ለፊቱ ያለው ተከላካይ እጁን አይቶ ምን ልንጫወት እንደሆነ ያውቃል! ከዚያ በኋላ በየልምምዱ ጎንበስ ባለበት መሬት የነካውን እጁን ድንገት ጠረግ አደርግበት ጀመር። በፊቱ ከተደፋ ክብደቱን ፊት ላይ ጥሏል ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ ይደፋ ነበር። ወቅቱ ሲያልቅ እጁን ስጠርገው እንደ ግንብ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ይህን የሚያይ ዋና አሰልጣኝ የለም፤ ጊዜም የለውም። ለእኔ ሙያው ማለት ይሄ ነው።

እኔን ካላመናችሁ ሚኪ አንድሩስን ተመልከቱ። ቀደም ሲል በሁለት ትናንሽ ኮሌጆች ዋና አሰልጣኝ ነበር። ከ1984 እስከ 2009 ግን በፍሎሪዳ ስቴት ከቦቢ ባውደን ሥር መከላከሉን መራ። ቡድኑ በ1993 እና በ1999 ሻምፒዮን ሲሆን እሱ እዚያው ረዳት ነበር። ለዓመቱ ምርጥ ረዳት አሰልጣኝ የሚሰጠው የፍራንክ ብሮይልስ ሽልማት በ1996 ሲጀመር የመጀመሪያው ተሸላሚም እሱ ነው። በድ ፎስተርም አለ። በ1987 ከዋና አሰልጣኙ ፍራንክ ቢመር ጋር ቨርጂኒያ ቴክ ገባ፤ ቢመር ጡረታ ሲወጣ እንኳን አዲሱ ዋና አሰልጣኝ አስቀረው፤ እስከ 2019 መከላከሉን መርቶ ተሰናበተ። እነዚህን ሰዎች «አልተሳካላቸውም» የሚል ካለ ፉትቦል አላየም።

ዋና መሆን የሚፈልግም ይፈልግ፤ መብቱ ነው። ከርቢ ስማርት የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲን ቡድን ተረክቦ ሁለት ዋንጫ ከማንሳቱ በፊት አላባማ ውስጥ ከኒክ ሴበን ሥር ስምንት የውድድር ዘመን መከላከሉን መርቷል። ግን «ጎበዝ ከሆንክ ወንበሩ ራሱ ይመጣል» አትበሉኝ፤ በተለይ ለጥቁር አሰልጣኝ። በ1932 የተመሠረተው የደቡብ ምሥራቁ ሊግ የመጀመሪያውን ጥቁር ዋና አሰልጣኝ ያየው በ2003 መጨረሻ ነው። ሲልቬስተር ክሩም ይባላል። በ1970ዎቹ የጀመረ፣ ዕድሜውን ሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ በረዳትነት የሠራ ሰው ነበር። በትልቁ ዲቪዚዮን ጥቁር ዋና አሰልጣኝ ለብሔራዊ ሻምፒዮና ፍጻሜ ሲደርስ የታየውም ገና በጃንዋሪ 2025 ነው፤ የኖትር ዳሙ ማርከስ ፍሪማን። ስለዚህ አንድ ረዳት ዋና ስላልሆነ ችሎታ ጎድሎታል ብሎ መደምደም ሁለት ጊዜ መሳሳት ነው።

አሁን ወደ ወላጆቹ ጥያቄ ልምጣ። ልጃችሁ የምር ከፈለገው አትከልክሉት፤ ግን በደንብ ይጀምር። ኮሌጅ እያለ ቡድኑ ቢሮ ሄዶ በተማሪ ረዳትነት ይመዝገብ፤ ቪዲዮ ይቁረጥ፣ ኮን ይደርድር። ከማጥቃትና ከመከላከል አንዱን ይምረጥና ጥልቅ ብሎ ይማር። ሁሉንም በጥቂቱ የሚያውቅ ሰው ማንም አይቀጥርም። ማስተርሱን በግራጅዌት አሲስታንትነት ይያዝ፤ ፉትቦሉ ባይሆንለት ዲግሪው አብሮት ይኖራል። የአሜሪካ ፉትቦል አሰልጣኞች ማኅበር በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ ጉባኤ ያደርጋል። እዚያ አዳራሹ ውስጥ ትምህርት አለ፤ ሥራ የሚገኘው ግን ሆቴሉ ሎቢ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ጋ ይገኝ። የሚያገባት ልጅ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ከተማ መቀየር እንዳለ ከጋብቻ በፊት ትወቅ። ቢያንስ የስድስት ወር የቤት ኪራይ ባንክ ይኑረው።

ውል ሲሰጠው ደግሞ ደመወዙን አይቶ ብቻ አይፈርም። ዋናው ቢባረር እሱ ምን ይሆናል? የጤና ኢንሹራንሱ እስከ መቼ ይቀጥላል? ሌላ ሥራ ሲያገኝ ቀሪው ክፍያው ይቀነሳል ወይ? እነዚህ ሦስቱ ወረቀቱ ላይ በግልጽ ካልተጻፉ፣ ከመፈረሙ በፊት ጠበቃ ያሳይ።