ዐቢይ ቀመር ምንድን ነው? 532ን ከውስጥ ስናየው

532ን ዝም ብሎ ላየው ተራ ቁጥር ነው። ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ሒሳብ፣ የተማረ ሰው ግን ወዲያው ይለየዋል። ዐቢይ ቀመር ይባላል። ከዓመት ዓመት ቀኑ የሚቀያየረው ትንሣኤ፣ ዑደቱን ሁሉ ጨርሶ እንደገና ከመጀመሪያው የሚነሣው በ532 ዓመት ነው። ለምን 500 ወይም 600 አልሆነም?

የትንሣኤን ቀን ሦስት ዑደቶች ይወስኑታል። የሳምንቱ ዕለታት በ7 ይዞራሉ። ወንጌላውያኑ፣ ከማቴዎስ እስከ ዮሐንስ፣ በ4 ዓመት ይዞራሉ፤ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። የጨረቃው ሒሳብ፣ አበቅቴ፣ በ19 ዓመት ይመለሳል። የእኛ 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወራት የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነውና።

ሦስቱ የሚገናኙት በትንሹ የጋራ ብዜታቸው ነው። 4፣ 7 እና 19ን ሁለት ሁለት አድርገን ብናያቸው ከ1 ሌላ የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ ማሳጠሪያ የለም፤ ማባዛት ብቻ ነው። 4 × 7 × 19 = 532። ጨረቃ በ20 ዓመት ብትመለስ ኖሮ፣ 20 ለ4 ስለሚካፈል 140 ዓመት ይበቃ ነበር። ሊቃውንቱ በመሃል ላሉትም ስም አላቸው። 4 × 7 = 28 ዐውደ ፀሐይ ነው፤ 4 × 19 = 76 ደግሞ ማዕከላዊ ቀመር።

በቀን ብንቆጥረው 532 ዓመት 194,313 ቀን ነው። ለ7 ሲካፈል ልክ 27,759 ሳምንት ይወጣል፤ አንድ ቀን እንኳ አይተርፍም።

እስቲ በእውነተኛ ዓመት እንየው። በ2016 ትንሣኤ የዋለው ሚያዝያ 27 ነበር። 532 ስንቀንስ 1484 እናገኛለን፤ ዘመኑ የዐፄ እስክንድር ነው። ያን ጊዜም ወንጌላዊው ዮሐንስ፣ ትንሣኤውም ሚያዝያ 27።

«ቀኑ እኮ ከዚያ በፊትም ይደገማል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ከ95 ዓመት በፊት፣ በ1921ም ሚያዝያ 27 ውሏል። 95 የ19 ብዜት ስለሆነ ጨረቃው ይገጥማል፤ ቀኖቹም አብዛኛውን ጊዜ ልክ ሙሉ ሳምንታት ይሆናሉ። ለ4 ግን አይካፈልም፤ ስለዚህ ከአራት አንዴ ባለ 6 ቀን ጳጉሜን በአንድ ታንስና ቀኑ ይስታል። ከ2016 ተነሥተን 95 ብንደምር 2111 ላይ ሚያዝያ 27 ቅዳሜ ይሆንና ትንሣኤ ወደ 21 ይመጣል። ምንጊዜም የማይስተው 532 ነው።

ይህ ግን የሒሳቡ ጨረቃ መሆኑን መርሳት የለብንም። በ532 ዓመት ውስጥ 19 ዓመት 28 ጊዜ አለ፤ ያቺ አንድ ሰዓት ተኩል 28 ጊዜ ስትደመር፣ ሰማይ ላይ ያለችው ጨረቃ ከሒሳቡ ወደ 1.7 ቀን ትለያለች።

አሁን ካሌንደሩን ትተን ቁጥሩን ብቻ እንመልከት። 28 ፍጹም ቁጥር ነው፤ ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ሲደመሩ ራሱን ይሰጣሉ። የ532ን አካፋዮች በዚያው መንገድ ብንደምር 588 ይመጣል፤ ከራሱ ይበልጣል። ከመካከላቸው 28ን ከመደመር ይልቅ ብንቀንሰው ግን ድምሩ ልክ 532 ይሆናል።

እኔ በጣም የምወደው ሌላ ነው። ከ1 ተነሥተን በ3 በ3 እንደምር፦ 1 + 4 + 7 እያልን እስከ 55። ድምሩ 532 ነው። እንዲህ የሚገኙት ባለ አምስት ጎን ቁጥሮች ይባላሉ፤ 532 በተራቸው 19ኛው ነው። የተደመሩት ቁጥሮች 19፣ አማካያቸውም 28።