ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ገና ሳንጨርስ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ስለ አንድ ጓደኛቸው ሠርግ ሲያወሩ ሰማሁ። ሙሽራው የሚያገባት ልጅ ከሌላ እምነት ናት። አንደኛው «ዘመድ ከዘመዱ ሲባል አልሰማም እንዴ?» አለ፤ ሌላው ሳቀና ወሬው ወደ ኳስ ዞረ። በወሎ ምድር ይህ ምሳሌ ሠርግ መንቀፊያ ሆነ ማለት ነው። ቢሮ ውስጥ የአለቃ የእህት ልጅ ሲቀጠርም እሱኑ ይሉታል፤ ስልክ ላይ ብሔር ከብሔር ሲነቃቀፍም እሱኑ። ሁሉም ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው፤ አህያውና አመዱ ተረስተዋል። እኔ ደግሞ የምሳሌው ነፍስ ያለው አመዱ ውስጥ ነው ባይ ነኝ።

ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የምላከው ወደ ኩታበር፣ አያቴ ቤት ነበር። ደጋ ስለሆነ ምድጃው አያርፍም። ማለዳ የኩበቱ አመድ ተጠርጎ ባረጀ ሰፌድ ይወጣና የሦስት ቤቶች ጓሮ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ይደፋል፤ የአያቴ፣ የትልቁ አጎቴና የአያቴ የወንድም ልጅ ቤት። ንጹሑ አመድ ግን አይደፋም። ለዘር የተቀመጠው ባቄላ ነቀዝ እንዳይበላው ይታሽበታል፣ ድስት ይፈተግበታል፣ የተረፈውም ለጌሾውና ለጎመኑ ሥር ይሆናል።

ሰኞ ማታ አህዮቹ ከደሴ ገበያ ሲመለሱ ማየት የልጅነቴ ትልቁ ደስታ ነበር። ጭነታቸው እንደተራገፈ ውሃ እንኳ ሳያምራቸው በቀጥታ ወደዚያ ክምር ይሮጣሉ። ጀርባቸው በላብ ርሷል፣ ጆንያው የተኛበት ጸጉር ተለጥፏል፣ ዝንብ ወሯቸዋል። ጉልበታቸውን አጥፈው ይወድቁና ወዲያና ወዲህ ይንከባለላሉ። አመዱ ላቡን ይመጥላቸዋል፣ ተባዩን ያራግፍላቸዋል። ተነስተው ሲራገፉ ጓሮው ሁሉ ይጨልማል። እኛ ልጆች ልናባርራቸው ስንሮጥ አያቴ ከደጃፉ ሆነው «ተዉአቸው ልጆቼ፣ ደክሟቸዋል» ይሉ ነበር። አንድ ነገር ደግሞ አስተውያለሁ። ጭነት ሳይኖርበት ባዶውን የሚመለስ አህያ እንኳ በመንገድ ላይ ያለውን የሰው አመድ ሁሉ አልፎ የሚተኛው እዚያው የቤቱ አመድ ላይ ነበር።

ስለ ምሳሌው አመጣጥ የራሴ ግምት አለኝ፤ ሽንጤን ገትሬም እከራከርበታለሁ። ይህን ምሳሌ የተናገረችው ሴት ናት። ከሸንጎ የወጣ አነጋገር አይመስለኝም፤ ከምድጃ ዳር የተወለደ ነው። አንዱ ቤት እሳቱ ሲጠፋበት ልጅ በገል ፍም እንዲያመጣ ወደ ቀጣዩ ቤት ይላካል። እኔም ተልኬአለሁ፤ ፍሙ እንዳይጠፋ አመድ አልብሰው ነበር የሚሰጡኝ። ስለዚህ የሦስቱ ቤት እሳት አንድ እሳት ነው፣ አመዱም አንድ ነው። ማን ከማን እሳት እንደተጫጫረ አሳምራ የምታውቀው አመድ ጠራጊዋ ናት፤ ዘመድን ባመድ ለመለየት ከእሷ የሚቀድም የለም።

የትልቁ አጎቴ ሚስት የሙስሊም ቤት ልጅ ነበረች። ወንድሞቿ ለበዓል ሲመጡ በጋቸውን ራሳቸው ያርዳሉ፣ ድስቱም ለብቻ ይጣዳል። በማግስቱ የሁለቱም ምድጃ አመድ እዚያው ክምር ላይ ይደፋል።

ይህ እንዲያው የወሎ ሰው ደግነት ብቻ ነው ብዬ አላልፈውም፤ የቤተሰብ አቆጣጠራችን ያመጣው ነው። በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎም በብዙ ቦታ የነበረው የርስት ደንብ በአባትም በእናትም ወገን ያወርስ ነበር፤ ወንዱም ሴቷም ድርሻ ይጠይቃሉ። ዘር ቆጣሪ ሽማግሌ ከመሬት ክርክር አይታጣም። ክርስቲያኑ ለጋብቻ ሰባት ቤት ቆጥሮ ከዚያ ውጭ ስለሚያገባ፣ እያንዳንዱ ሠርግ ሌላ መንደር ወደ ዝምድና ያስገባል። ጎረቤቶቻችን አፋሮች ጎሳን በአባት መስመር ይቆጥራሉ፤ ሰው የማን እንደሆነ ሲወለድ ይታወቃል። እኛ ዘንድ ግን ሰው ከብዙ አያቶቹ መካከል የትኛውን እንደሚያስቀድም ይመርጣል። የቀድሞው ፖለቲካችን ጎሳ ከመከተል ይልቅ ጌታ መከተል የበዛበትም ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

ደሴን መናገሻቸው ያደረጉትን ንጉሥ ሚካኤልን ተመልከቱ። መሐመድ ዓሊ ተብለው ያደጉ ሰው ናቸው። ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ፣ የዘመኑ ፖለቲካ ግድ ብሏቸው ሲጠመቁ የክርስትና አባት የሆኗቸው አፄ ዮሐንስ ነበሩ። የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተው ልጅ ኢያሱን ወለዱ። ሌላዋ ልጃቸው ወይዘሮ ስሂን፣ ደሴ ያለው ትምህርት ቤት በስማቸው የሚጠራው፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ ንጉሡ ለልጃቸው ዙፋን ሲዋጉ፣ በወዲያኛው ወገን የነበሩት ራስ ተፈሪ የልጅ ልጃቸው ባል ነበሩ። «ዘመድ ከዘመዱ» ማለት «ከመሰልህ ጋር ብቻ ቁም» ከሆነ፣ ይህን ቤተሰብ ከማን ጋር ልናቆመው ነው?

የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ ርስት አበቃ። ለጭሰኛው ትልቅ እፎይታ ነበር፤ እሰየው የሚያሰኝ ነው። ግን መሬት በገበሬ ማኅበር በኩል መታደል ሲጀምር የእናትን አያት ቆጥሮ የሚገኝ ነገር ቀረ። ዘር ቆጣሪዎቹ ሽማግሌዎች ጠያቂ አጡ፣ የሚያውቁትን ይዘው አለፉ። ቆይቶ የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል ቦታ መጣ፤ የሚሞላውም በአንድ ቃል ብቻ ነበር። የዛሬ ልጅ ዘመዱን በዚያች ቃል ልክ ቢያጠበው አልፈርድበትም፤ ያላስቆጠርነው እኛ ነን።

ሠርግ ለመንቀፍ ምሳሌውን የምትጠሩ ግን እባካችሁ ከመናገራችሁ በፊት እናታችሁን ቁጭ አድርጋችሁ በእሷ በኩል አስቆጥሩ። የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ሆኖ አባቱ አንድ እምነት፣ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ሌላ እምነት የነበረ ስንት አለ! ስማችን ራሱ ሲጠራ ይመሰክራል።

የቢሮዎቹንም ልናገር። አህያ ወደ አመድ የሚሄደው ሊበላ አይደለም፤ አመድ አይበላም። የሚሄደው ጭነቱን ሲያራግፍ ነው፣ ጀርባው ሲቆስልና ሲደክመው። ሥራ የፈታ ሰው አጎቱ ቤት ቢጠጋ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ልጆቿን ይዛ ወደ እህቷ ብትመለስ፣ ያን ጊዜ ምሳሌው በቦታው ዋለ። የአለቃው የእህት ልጅ ያለ ውድድር ወንበር ሲይዝ ግን ስሙ አድልዎ ነው። ለአድልዎ ደግሞ ኮሪደር ላይ ምሳሌ ጠርቶ ከመሳቅ ይልቅ ቅሬታ በጽሑፍ ይቀርባል፤ ቀንና ፊርማ ያለበት።